የሕንድ ዓይነት የድንች ማቀዝቀዣ መጋዘን ለሐዋሳና ለሻሸመኔ ገበያ ያዋጣ ይሆን?

ጥያቄ፤ ከ«ጥቁር ውሃ»፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ቀድሞ ቡና ይከማችበት የነበረና አሁን ባዶውን የቆመ ሰፊ መጋዘን ከሁለት ዘመዶቼ ጋር በጋራ ይዘናል። ይህን ቤት ወደ ድንች ማቀዝቀዣ መጋዘን የመለወጥ ሐሳብ ስላደረብን፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ነገሩን በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ምክር ለመስማት ፈልገናል።

የሐሳቡ መነሻ ሕንድ ናት። አንደኛው ዘመዴ ሕንድ ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ድንች አምራች አገር መሆኗን፣ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደምታመርት፣ ከምርቱም ብዙው በግዙፍ ማቀዝቀዣ መጋዘኖች ለወራት ተቀምጦ ቀስ በቀስ ወደ ገበያ እንደሚወጣ አንብቦ፣ «እኛስ ምን ይጎድለናል?» የሚል ጥያቄ ይዞ መጣ። እኛ ዘንድ ከኮፈሌ፣ ከሻሸመኔ ዙሪያ፣ እንዲሁም ከሲዳማ ደጋ ከሁላና ከአርቤጎና የሚወርደው ድንች በተቆፈረበት ሰሞን ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ገበሬውም አንዳንዴ የቆፋሪውን የቀን አበል እንኳን በማይሸፍን ዋጋ ይሸጣል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ያው ድንች ሐዋሳ ገበያ ላይ በእጅጉ ተወድዶ እናየዋለን። በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት መጋዘን ያለው ሰው ሊያገኘው ይችላል ብለን አስበናል።

ስለዚህ የሕንዱ አሠራር በተግባር ምን እንደሚመስል፣ ገበሬው ለመጋዘኑ የሚከፍለው እንዴት እንደሆነ፣ ድንቹ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ ጣዕሙና ጥራቱ ይቀየር እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ሥራ በእኛ አካባቢ ያዋጣ እንደሆነ የምታውቁ ብታብራሩልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ቦታ ከተረፈ የመቂን ሽንኩርት አብሮ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነም ብትነግሩን መልካም ነው።

መልስ፤ ከ«ሉዲያና»

ሕንድ ውስጥ፣ ፑንጃብ፣ ለግብርና ምጣኔ ሀብት ትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት የድንቹን ንግድ በቅርብ የማየት ዕድል ስለነበረኝ፣ ስለዚያ አገር የማውቀውን ላካፍልዎ። ስለ ሻሸመኔ ገበያ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ እንደሚኖሩ እገምታለሁ።

ማቀዝቀዣ መጋዘን በሕንድ ለምን እንደተስፋፋ ለመረዳት በመጀመሪያ የአዝመራውን ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። የዚያ አገር ድንች እጅግ የሚበዛው እጅ የሚመረተው በተራራ ላይ አይደለም፤ በሰሜን በሚገኘው የጋንጅስ ሜዳ፣ በዚያ አገር የብርድ ወራት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ይተከላል፤ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በኡታር ፕራዴሽ፣ በምዕራብ ቤንጋልና በቢሃር በአንድ ላይ ይቆፈራል። ወዲያው ከዚያ በኋላ የሚመጣው በጋ የአየሩን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያደርስ ስለሆነ፣ በተራ ቤት የተከማቸ ድንች በሳምንታት ውስጥ ይጎነቁላል፣ ይጨማደዳል፣ ይበሰብሳል። በሜዳው ላይ አዲስ ድንች እንደገና የሚገኘው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። እንግዲህ አንድ ትልቅ አዝመራ በሁለት ወር ውስጥ ይሰበሰባል፤ ያንንም ሕዝቡ ስምንት ወር ያህል ይመገበዋል። መጋዘኑ በዚያ አገር የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሕንድ ዛሬ ከ8,000 በላይ ማቀዝቀዣ መጋዘኖች ሲኖሯት፣ ከጠቅላላ አቅማቸው አብዛኛውን የያዘው ድንች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ድንቹን ለይቶ፣ 50 ኪሎ ገደማ በሚይዝ ጆንያ ሞልቶ፣ በትራክተር ተሳቢ ወደ መጋዘኑ ይወስዳል። የመጋዘኑ ባለቤት የጆንያውን ብዛትና የተቀመጠበትን ክፍል የሚገልጽ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ኪራዩ በኩንታል ለመላው ወቅት የተቆረጠ ነው፤ ሁለት ወርም ይቀመጥ ስምንት ወር ዋጋው አንድ ሲሆን፣ የሚከፈለውም ድንቹ ሲወጣ ነው። ይህ ለገበሬው ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ገበሬዎች ከመጋዘኑ ባለቤት በድንቹ መያዣነት ገንዘብ ስለሚበደሩ፣ ለመውጫው የሚከፈለው ኪራዩ፣ ብድሩና ወለዱ ተደምሮ ነው። በምዕራብ ቤንጋል ደግሞ ደረሰኙ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ ሰነድ ነው፤ ድንቹ ከክፍሉ ሳይንቀሳቀስ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሊቀየር ይችላል።

አዝመራው ከመጠን በላይ ሲበዛ የሚሆነውንም ማወቅ ይገባዎታል፤ ስለ ሕንድ መጋዘን የሚጻፉ ማስታወቂያዎች ይህን አይናገሩምና። በወቅቱ መጨረሻ የድንቹ ዋጋ ከኪራዩ በታች ከወረደ ገበሬው ሊወስደው አይመጣም። አዲሱ ምርት ከመድረሱ በፊት ክፍሎቹ መጽዳት ስላለባቸው ባለ መጋዘኑ ድንቹን አውጥቶ በመንገድ ዳር ይደፋዋል፤ የኪራዩም ገንዘብ ከዚያው ጋር ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የኡታር ፕራዴሽ ገበሬዎች በላክናው ከተማ በክልሉ ምክር ቤት ፊት ለፊት ድንች ደፍተው ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። በዓመቱም አንድ የአግራ ገበሬ 19,000 ኪሎ ድንች ሸጦ ከወጪ በኋላ የተረፈውን 490 ሩፒ ለአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሐዋላ እንደላከው በጋዜጦች ተዘግቧል። እንግዲህ መጋዘን የዋጋን መውደቅ ያዘገየዋል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀረውም። በመንግሥት በኩልም ሌላ ሥጋት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2024 ዋጋ ሲወደድ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ድንች ወደ ጎረቤት ክልሎች እንዳይወጣ ከልክሏል፤ መጋዘን ሞልተው የዋጋ መወደድን ይጠብቁ የነበሩት ነጋዴዎች በዚያ ተጎድተዋል።

ስለ ጥራቱ ለጠየቁት፦ ተራው የምግብ ድንችና ዘሩ የሚቀመጡት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜና እስከ 95 በመቶ በሚደርስ እርጥበት ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ድንቹ አይጎነቁልም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ስታርች ከፊሉ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ ይጣፍጣል፣ በዘይት ሲጠበስም ይጠቁራል። ለወጥ ችግር የለውም፤ የተጠበሰ ድንች የሚሸጡ ምግብ ቤቶችና የቺፕስ ፋብሪካዎች ግን አይወስዱልዎትም። ለእነርሱ የሚሆነው በ10 እና በ12 ዲግሪ መካከል ይቀመጣል፤ በዚያ ሙቀት መጎንቆሉ ስለማይቀር ክሎርፕሮፋም የተባለ መከላከያ በጭስ መልክ ይነፋበታል። ይህን መድኃኒት የአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ2019 ስላላደሰው በዚያ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል።

መልስ፤ ከ«ነጭ አበባ»፣ ሻሸመኔ

ከላይ የተጻፈው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የጎደለውን የእኛን አገር ወገን ልጨምር። እኔ ድንች በአይሱዙ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ዲላ የምነግድ ሰው ነኝ።

«ሉዲያና» የተናገሩት የአንድ ወቅት አዝመራ እኛ ዘንድ የለም። በሻሸመኔ ዙሪያ በየካቲትና በመጋቢት የተተከለው የበልግ ድንች በሰኔና በሐምሌ ይቆፈራል፤ በሐምሌና በነሐሴ የተተከለው ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ይደርሳል። ከፍ ያለው የኮፈሌና የሁላ ደጋ በራሱ ጊዜ ይከተላል። ውሃ ያለው በመስኖ ያመርታል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ በበጋው የቆጋ መስኖና የሌሎች የጎጃም አካባቢዎች ድንች አዲስ አበባ ይገባል፤ አዲስ አበባ ከጠገበች ደግሞ የእኛ ድንች ወደ ሐዋሳ ይዞራልና ዋጋው እዚህም ይወድቃል። ስለዚህ ውድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን እንደ ሕንድ ስምንት ወር የሚዘልቅ ባዶ ጊዜ የለም። የዋጋው ክፍተት የሚቆየው ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለሁለት ወር ያህል ነው። ዋጋው መቼ እንደሚወጣም ዓመት ከዓመት አንድ አይደለም፤ በዐቢይ ጾም ፈላጊው እንደሚበዛ እናውቃለን፣ በመስከረምና በጥቅምት አብዛኛውን ጊዜ ድንች ይጠፋል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ዝናቡ ይወስነዋል።

ሌላው ደግሞ የእኛ ገበሬ መጋዘን የለውም ማለት ትክክል አይደለም። ድንቹን ሳይቆፍር መሬት ውስጥ ያቆየዋል። ዋጋ ሲያገኝ ከፊሉን ቆፍሮ ይሸጣል፣ የቀረውን ይተወዋል። ይህ ኪራይም መብራትም አይጠይቅም። ጉዳቱን አውቃለሁ፤ መሬቱ ለሚቀጥለው ሰብል አይለቀቅም፣ ዝናብ ከመጣ ይበሰብሳል፣ ፍልፈልና ትል ይጎዳዋል፣ የቆየውም ድንች አዲስ ቡቃያ ማውጣት ይጀምራል። ቢሆንም የእርስዎ መጋዘን ኪራይ የሚወዳደረው ምንም ከማይከፈልበት ከዚህ ዘዴ ጋር መሆኑን ማስላት አለብዎት።

ስለ ጥራቱም አንድ ነገር ልበል። የበልጉ ድንች የሚቆፈረው በዝናብ ነው። ጭቃ እንደለበሰ፣ ልጣጩ ሳይጠና፣ አንዳንዴም በዶማ ተወግቶ በጆንያ ይታጨቃል፤ ጆንያውም ከአፉ በላይ በቅርጫት ቅርጽ ተሰፍቶ አንድ ኩንታል የተባለው ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ይህንን ደላላው ያውቀዋል፣ ገበሬውም ያውቀዋል፣ ሲራገፍም ከላይ የሚወረወረው ያው ጆንያ ነው። እንዲህ ያለ ድንች በየትኛውም ማቀዝቀዣ ቢገባ አይቆይም። እርስዎ መጋዘን ከመሥራትዎ በፊት ከገበሬው ጋር ስለ አቆፋፈሩና ስለ አለያየቱ ተስማምተው፣ ለተለየው ድንች የተሻለ ዋጋ መክፈል ይኖርብዎታል። ያን ሲያደርጉ ደላላው ዝም ብሎ የሚመለከትዎት እንዳይመስልዎት።

መልስ፤ ከ«ጥቁር ውሃ» (ጠያቂው)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአዝመራውን ጊዜ በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የሕንድን መጋዘን ብቻ ስንመለከት የሕንድን በጋ ረስተናል። ከዘመዶቼ ጋር ተነጋግረን አንድ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የምግብ ድንች የማያዋጣ ከሆነ ዘሩስ? በየዓመቱ በመትከያ ሰሞን የዘር ድንች ዋጋ ከምግቡ እጅግ በልጦ እንደሚሸጥ፣ ገበሬዎችም ጥሩ ዘር ፍለጋ ሩቅ እንደሚሄዱ እንሰማለን። በሕንድ ማቀዝቀዣው ለዘርም ያገለግላል ከተባለ፣ እኛ ከዚያ በኩል ልንጀምር እንችል ይሆን?

መልስ፤ ከ«ደጋ ሰው»

በድንች ዘር ብዜት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ ይህን ጥያቄ ሳይ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ከሕንድ ልንማር የሚገባን ዋናው ነገር በእኔ አስተያየት መጋዘኑ ሳይሆን ዘሩ ነው።

ድንች እንደ ስንዴ በፍሬው ሳይሆን በራሱ በድንቹ ስለሚተከል፣ በአንዱ ዓመት የያዘውን በሽታ ይዞ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ክሽክሽ የተባለው የቅጠል ተባይ የሚያስተላልፋቸው ቫይረሶች በየትውልዱ ይከማቻሉ፤ ገበሬው በሽታውን በዓይኑ ሳያይ ምርቱ ዓመት በዓመት እየቀነሰ ይሄድና «ዘሩ አረጀ» ይላል። ሕንድ ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ይህ ችግር ከባድ ነበረባት። ንጹሕ ዘር የሚገኘው ክሽክሽ ከማይበዛበት ከሂማላያ ተራሮች ብቻ ነበር፤ የተራራው ዘር ግን መጠኑ ለሰፊው ሜዳ አይበቃም፣ ተቆፍሮ በጥቅምት ለሜዳው መትከያ በሚደርስበት ጊዜም ገና አይነቃም፣ በአፈር የሚተላለፉ በሽታዎችንም ይዞ ይወርድ ነበር።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 በፓትና ከተቋቋመውና በ1956 ወደ ሺምላ ከተዛወረው የሕንድ ማዕከላዊ የድንች ምርምር ተቋም ነው። ተመራማሪዎቹ በሜዳው ላይ ክሽክሽ መቼ እንደሚበዛ በጥንቃቄ ሲከታተሉ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህ የዘሩን ማሳ በጥቅምት ንጹሕ በሆነ ዘር ተክሎ፣ የታመመውን ተክል በየጊዜው እየነቀሉ፣ በ100 ቅጠል ላይ የሚቆጠረው ክሽክሽ 20 ከመድረሱ በፊት፣ ማለትም በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ግንዱንና ቅጠሉን በሙሉ ማጨድ የሚል አሠራር ዘረጉ። ግንዱ ከታጨደ በኋላ ድንቹ ልጣጩ እስኪጠና ድረስ ለሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ መሬት ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ተቆፍሮ፣ ተለይቶ፣ እስከሚቀጥለው ጥቅምት ድረስ ማቀዝቀዣ ይገባል። በዚህ መንገድ ሜዳው ራሱን በዘር ቻለ፤ የፑንጃቡ የጃላንድሃር አካባቢም ለብዙ የሕንድ ክፍሎች ዘር የሚያቀርብ ማዕከል ሆነ። ኩፍሪ በሚል ስም የሚጀምሩት የሕንድ ዝርያዎች ሁሉ ስማቸውን ያገኙት በሺምላ አጠገብ ካለው የማዳቀያ ቦታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውን ኩፍሪ ጅዮቲን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ገበሬው አልተወውም።

እዚህ ላይ ማቀዝቀዣው ለምን እንዳስፈለገ ልብ ይበሉ። የዘሩ ድንች በጥር ተቆፍሮ የሚተከለው በጥቅምት ነው፤ በመካከሉ ያለው ስምንትና ዘጠኝ ወር ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት ያለበት ነው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ በሰኔ የተቆፈረ ድንች በሐምሌና በነሐሴ ለዘርነት ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ የገበሬው ችግር ድንቹ መጎንቆሉ ሳይሆን አለመጎንቆሉ ነው። ብዙዎቹ የተሻሻሉ ዝርያዎች ከተቆፈሩ በኋላ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሳይጎነቁሉ ይቆያሉ፤ ገበሬውም በጆንያ አፍኖ፣ በገለባ ሸፍኖ፣ አንዳንዴም በጉድጓድ ቀብሮ ሊያነቃው ይሞክራል። ለዚህ ዘር ማቀዝቀዣ ማቅረብ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከኅዳርና ከታኅሣሥ ምርት ለየካቲትና ለመጋቢት መትከያ የሚያዘው ዘርም ሁለት ወይም ሦስት ወር ቢቆይ ነው። ለዚህ ቆይታ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአገራችን የሚታወቀው የዘር ድንች ቤት ይበቃል፤ ግድግዳው ፍርግርግ ሆኖ ብርሃን በተዘዋዋሪ የሚገባበት፣ በውስጡ ድንቹ በቆጥ ላይ በስሱ የሚደረደርበት የእንጨት ቤት ነው። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ጉንቁሉም አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ለመብላት መርዛማ ነው፣ ለመትከል ግን ከዚህ የሚሻል የለም።

እንግዲህ ለዘርም ቢሆን ማቀዝቀዣው አያስፈልግም እያልኩ ነውን? በአንድ ሁኔታ ያስፈልጋል። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች በንጹሕ ሁኔታ የሚያባዙ ማኅበራት፣ የአንዱን ወቅት ዘር ዘልለው ለሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ማቆየት ሲፈልጉ ማቀዝቀዣ ይጠቅማቸዋል። ለምሳሌ በደጋው በመኸር የተመረተ ንጹሕ ዘር በበልግ ዝናብ መዘግየት ምክንያት መትከያው ሲገፋ ያረጃል፤ ጉንቁሉ ይረዝማል፣ ሲጫን ይሰበራል። በ4 ዲግሪ የተቀመጠ ዘር ግን ዝናቡን መጠበቅ ይችላል። ይህ ፈላጊ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ጠቅላላ መጠኑ የቡና መጋዘንዎን የሚሞላ አይመስለኝም። በአገራችን በሕግ ተቆጣጥሮ የሚሸጠው የድንች ዘር ከሚተከለው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ገበሬው ከራሱ ወይም ከጎረቤቱ ይወስዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ያለበት ድንች ውጪውን ሲያዩት ጤነኛ ሊመስል ይችላል፣ ቅዝቃዜም በሽታውን አይገድለውም። ከተለያየ ገበሬ የመጣን ዘር በአንድ ክፍል ቀላቅሎ፣ በአንድ መለያ ጠረጴዛ ላይ አሳልፎ መልሶ ማከፋፈል ማለት በሽታውን ከአንድ ቀበሌ ወደ አሥር ማዳረስ ነው። የዘር ሥራ ከጀመሩ የእያንዳንዱ ማሳ ምርት ምልክት ተደርጎበት ለብቻው መቀመጥ አለበት።

መልስ፤ ከ«ኮምፕሬሰር»፣ አዳማ

እኔ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ጠጋኝ ስለሆንኩ ስለ ንግዱ ብዙ አልናገርም። ነገር ግን «የቡና መጋዘን እንለውጣለን» የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የቡና መጋዘን ለደረቅ ዕቃ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀት አይከለክልም። ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ወለሉን በወፍራም ሙቀት ከላካይ ፓነል መሸፈን፣ የእንፋሎት መከላከያ ማድረግ፣ በሩን መለወጥ ያስፈልጋል። በብዙ ሁኔታ ከመጀመሪያው መሥራት ከመለወጡ አይበልጥም። ድንች ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ይተነፍሳል፤ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ ክፍሉን ዘግቶ ማቀዝቀዝ ብቻ አይበቃም፣ በየቀኑ ንጹሕ አየር ማስገባት አለ። ድንቹ እንደገባም ቁስሉ እንዲጠግ በ15 ዲግሪ ገደማ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ ቅዝቃዜው በቀን ከአንድ ዲግሪ ባልበለጠ መጠን ይወርዳል። ክፍሉንም በአንድ ጊዜ መሙላት አይቻልም፤ መሣሪያው እንዳይጨነቅ በቀን ከጠቅላላው አቅም ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህል ብቻ ይገባል፤ ይህም ማለት ለመሙላት ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። «ነጭ አበባ» ዋጋው ለሳምንታት ብቻ እንደሚቆይ ነግረውናል። ሞልታችሁ ሳትጨርሱ ዋጋው ሊመጣ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ግዴታ ነው፤ የነዳጁን ወጪ በመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ካላስገባችሁት በኋላ ራሱ ይገባል። ሽንኩርቱን በተመለከተ ደግሞ አብሮ ማስቀመጥ አይቻልም። ድንች እስከ 95 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፣ ሽንኩርት ደግሞ 70 በመቶ ገደማ የሆነ ደረቅ አየር ይወዳል፤ ለአንዱ የተስማማው ሌላውን ያበላሻል። የጨንቻን ፖም አብሮ ማስገባት የሚያስብ ካለም፣ ፖሙ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ስለሚያወጣ ድንቹን ይረብሸዋል፤ የየራሳቸው ክፍል ያስፈልጋቸዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ኮፈሌና ሐገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሌሊታቸው ቀዝቃዛ ነው። በደጋው ላይ ወፍራም ግድግዳ ያለው ጨለማ ቤት ሠርቶ፣ በሌሊት ቀዝቃዛውን አየር በማራገቢያ ከወለሉ ሥር እየነፉ፣ ቀን ቀን መስኮቱን መዝጋት በጣም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ 4 ዲግሪ አይገኝም፤ ነገር ግን ድንቹን ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ሐዋሳ ላይ ለማቀዝቀዝ የምትከፍሉትን ደጋው በነጻ ይሰጣችኋል።

መልስ፤ ከ«ነጭ አበባ»

በዚህ እስማማለሁ። ስድስት ሳምንት ለእኛ ገበያ ብዙ ነው። ድንቹ ደጋው ላይ ተለይቶ፣ ደርቆ፣ ጭቃው ረግፎ ቢቀመጥ፣ እኔ ስልክ ተደውሎልኝ መኪና ልኬ የምጭነው ከሆነ፣ በደላላ ከማገኘው በተሻለ ዋጋ እገዛለሁ። የሐዋሳና የሻሸመኔ ሆቴሎችም ተመሳሳይ መጠን ያለው የተለየ ድንች በየሳምንቱ የሚያቀርብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ግን ቤቱ አስፋልት የሚደርስበት፣ ቢያንስ በክረምት አይሱዙ የሚወጣበት ቦታ ይሁን።

መልስ፤ ከ«ጥቁር ውሃ» (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቡናውን መጋዘን ለመለወጥ የነበረንን ሐሳብ ትተነዋል። አሁን የምናስበው በኮፈሌ መንገድ ላይ ቦታ ተከራይተን «ኮምፕሬሰር» የገለጹትን ዓይነት የሌሊት አየር ቤት በትንሽ መጠን መሥራት ነው፤ የሐዋሳውን ቤት ደግሞ ለመለያና ለማከፋፈያ እንጠቀምበታለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ገበሬው ድንቹን አምጥቶ ያስቀምጥና ሲሸጥ ኪራይ ይክፈለን? ወይስ እኛው ገዝተን እናስቀምጥ?

መልስ፤ ከ«ሉዲያና»

በመጀመሪያው ዓመት ገዝታችሁ በራሳችሁ ገንዘብ አስቀምጡ፤ መጠኑም የሚጠፋ ቢሆን የምትችሉት ይሁን። የሌላ ሰው ድንች በእጃችሁ ቢበሰብስ ገንዘቡን ብትመልሱም ሰውየው አይመለስም፤ ገና ባልተፈተነ ቤት ይህን ኃላፊነት መሸከም አይገባም። ምን ያህሉ ተበላሸ፣ ምን ያህል ክብደት ቀነሰ፣ የትኛው ዝርያ ቆየ የሚለውን በየሳምንቱ እየመዘናችሁ መዝግቡ። ለሁለተኛው ዓመት ኪራይ መውሰድ ከፈለጋችሁ በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርታችሁ የመቀነሻውን መቶኛ በውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ለምሳሌ «በስድስት ሳምንት እስከዚህ ያህል በመቶ ክብደት ቢቀንስ ባለ መጋዘኑ አይጠየቅም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይከፍላል» የሚል። ኪራዩን በወቅት ሳይሆን በሳምንት ቁረጡት፤ የሕንዱ የአንድ ወቅት ኪራይ ለእነርሱ ረጅም በጋ የተሠራ ነው። በድንቹ መያዣነት ብድር መስጠትን ግን ከመጀመሪያው አታስገቡ፤ በአግራ ባለ መጋዘኑንና ገበሬውን የሚያጣላቸው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።

መልስ፤ ከ«ደጋ ሰው»

ስትገዙ የምግቡንና የዘሩን ቤት ለዩ። በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነም መካከሉ በግድግዳ ይዘጋ፤ የዘሩ ወገን ብርሃን ይግባው፣ የምግቡ ወገን ይጨልም። ዝርያውን ከገበሬው ቃል ብቻ አትቀበሉ፤ በአበባው ጊዜ ማሳው ድረስ ሄዳችሁ እዩት፤ የጠወለገ ተክል ካያችሁ ከዚያ ማሳ ለዘር የሚሆን አንድም ጆንያ አታንሡ።